ወለላ የተባለችው በቅሎ በስድስት ጣኒካ ቀይ ቤንዚን ስለ መለወጧ

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች እንዳላማው፣ በጣሊያን መንግሥት መልካም ፈቃድ የወረዳችን ገዥ፣ የአንዲት ትንሽ መኪናም ጌታ።

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ከክረምቱ ቁር ይሰውርዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ የመኪናዎንም ሳል እግዚአብሔር ያስታግሥልዎ። እኔ አገልጋይዎ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ከመድረሱና ቅናቱ እስከ ጉሮሮዬ ከመሙላቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስሜን የማያውቅ መንገደኛ ይህን ቢያነብ እንዳይቸገር፣ እኔ በክቡርነትዎ ቤት አሥራ አራት ዓመት በባልደራስነት ያገለገልኩ አስማማው ነኝ። ሙያዬ ፈረስና በቅሎ መቀለብ ነው፤ ብዕሩን ደግሞ ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ስወጣ ይዤው የወጣሁት ነው። ቀደም ሲል ሁለት የታሸጉ አቤቱታዎች ጽፌ በሾፌርዎ በአቶ ፍቅረ ሥላሴ እጅ ልኬ ነበር። ሁለቱንም የቅባት እጅ ተጠርጎባቸው ከመኪናዋ ሥር አገኘኋቸው። ስለዚህ ይህንን ሳላሽግ በሦስት ቅጂ ጽፌ፣ አንዱን በገበያው ግራር ላይ፣ አንዱን በቤንዚኑ መጋዘን በር ላይ፣ አንዱን በመኪናዎ መስተዋት ላይ ለጥፌዋለሁ። ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ለአቶ ፍቅረ ሥላሴ ለብቻው ገዝቼ አስቀምጬላቸዋለሁ።

አቤቱታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩ኛ፤ ስለ ማደሪያ። ባለፈው ሰኔ ጣሊያኖቹ ስለ ታማኝነትዎ ይህችን ትንሽ መኪና ሲሸልሙዎ ከሁሉ በፊት ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ስሟ በጣሊያን አፍ ትንሽ አይጥ ማለት መሆኑን አስተርጓሚው ሲነግረኝ እንኳ ማጨብጨቤን አላቋረጥኩም። በማግሥቱ ግን አይጧ በወለላ ጋጣ ገባች፤ አሥራ አራት ዓመት የተሸከመችዎት በቅሎ ወለላ ደግሞ ወጥታ ከአጥሩ ሥር በዝናብ ታሰረች። ይህም ሳይበቃ፣ በበዓል ቀን ብቻ የምትለብሰው ቀይ ግላሷ በረዶ እንዳይመታው ተብሎ ለመኪናዋ አፍንጫ ተሰጠ። ሚስት በጣውንት ስትቀና አይቻለሁ፤ ካህን በካህን ድምፅ ሲቀናም ሰምቻለሁ። ባልደራስ በብረት ሲቀና ግን ከእኔ በፊት ያየ ካለ ይንገረኝና ልጽናና። ማለዳ ማለዳ ያንን ግንባሯን በነጠላዎ ጫፍ ሲያብሱላት ባየሁ ቁጥር ቅናቴ ይብሳል፤ ይህንን ለመደበቅ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም።

፪ኛ፤ ስለ አቶ ፍቅረ ሥላሴ። እኒህ ሰው እስከ ፋሲካ ድረስ በመጋዘኑ ባዶ ጣኒካ ሲያጥቡ የነበሩ መሆናቸውን አገር ያውቃል። ዛሬ የክቡርነትዎ ሾፌር፣ አማካሪ፣ የቤንዚንም መራጭ ሆነዋል። ሲመርጡም ከጣኒካው ጥቂት በመዳፋቸው አፍስሰው፣ አሽትተው፣ አሻሽተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክቡርነትዎም እጅግ ይደነቃሉ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ማሽተትና ያ ማሻሸት እኔ ገብስ ስመርጥ የማደርገው መሆኑን አንድ ቀን እንኳ አላስተዋሉም ወይ? አሥራ አራት ዓመት ሳሸት ያላዩኝ ዓይኖች እሳቸውን በሁለት ወር ማየታቸው፣ በእውነት ለመናገር፣ ከጋጣው ይበልጥ አስቀንቶኛል።

፫ኛ፤ ስለ ቤንዚኑ። በዚህ ላይ ረዘም ብናገር ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የመከራችን ሁሉ ምንጭ ነውና። ለትንንሽ መኪና ተብሎ ከመጋዘኑ በየወሩ የሚሰጠው፣ ዶሮ የተሳለበት ቢጫ ጣኒካ፣ ስልሳ አራት የሚል ቁጥር ተጽፎበታል። ለአውሮፕላን የሚመጣውና ከአውሮፕላን ሜዳው የማይወጣው፣ ንስር የተሳለበት ቀይ ጣኒካ፣ ሰማንያ ሰባት ይላል። አቶ ፍቅረ ሥላሴ የሁለቱን ቁጥር በነገሩዎ ጊዜ የጠየቁት የትኛው ለመኪናዋ ይስማማታል ብለው አልነበረም፤ የትኛው ይበልጣል ብለው ነበር። መልሱን ሲሰሙም በመኳንንቱ ፊት “ስልሳ አራት ለባላምባራስ ይበቃል፤ እኔ ቀኛዝማች ነኝ” አሉ። ከዚያ በፊት ለቤንዚን ሹመት እንደሚሰጠው ስላላወቅሁ ለትምህርቱ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ያባባሰው ግን ከደምበጫ የመጣው ወሬ ነው። ግራዝማች ገብረ ኪዳን፣ እንደ እርስዎ ተሸልመው እንደ እርስዎ ያለች መኪና ያላቸው፣ ቀይ ጣኒካ በደጃቸው አስቀምጠው እንግዳ ያስገርማሉ ተባለ። ከዚያች ቀን ወዲህ ምግብ አልወረደልዎትም። ግራዝማች ሰማንያ ሰባት እያጠጣ ቀኛዝማች ስልሳ አራት ሊያጠጣ! እኔም በልቤ፣ ጌታዬና እኔ ለካ አንድ በሽታ ነው የያዘን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩልዎት።

ሳዝንልዎትም ዝም አላልኩም። በመጋዘኑ ወደሚሠሩት ሽማግሌ ጣሊያናዊ መካኒክ ሄጄ፣ በአስተርጓሚ፣ የቁጥሩን ምሥጢር ጠየቅሁ። ሰውየው ደግ ነበሩ፤ እጃቸውን ጠርገው አስረዱኝ። ቁጥሩ የኃይል አይደለም፤ የትዕግሥት ነው። ቤንዚኑ በሞተሩ ውስጥ ሲጨመቅ ሰዓቱ ሳይደርስ እንዳይፈነዳ ምን ያህል እንደሚታገሥ የሚለካበት ነው። የአውሮፕላን ሞተር አጥብቆ ስለሚጨምቅ ትዕግሥተኛውን ይሻል፤ ትንሿ መኪና ግን በለሆሳስ ስለምትጨምቅ ባለ ዶሮው ይበቃታል። እንዲያውም ለአውሮፕላን ተብሎ በቀዩ ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት እሳት የሚያስነሣውን ካንዴላዋን ያጠቁርባታል አሉ። እኔ ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም። ለጦር ፈረስ የሚቀርብ ገብስ ለጭነት አህያ ቢሰጧት ፈረስ አትሆንም፤ ሆዷን ነፍቷት ትተኛለች። መኖ ለሚሠራው ሥራ እንጂ ለባለቤቱ ማዕረግ አይመረጥም። ይህንኑ መጥቼ ብነግርዎ፣ አቶ ፍቅረ ሥላሴ ቀድመው ሳቁ፣ እርስዎም ተከትለው ሳቁ። እስከዚያች ቀን የእኔ ትዕግሥት ቢለካ ሰማንያ ሰባት ይወጣው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከባለ ዶሮውም ወርዷል።

፬ኛ፤ ስለ ደምበጫው ጉዞ። ክቡርነትዎ ከአውሮፕላን ሜዳው አሥር አለቃ በልመና ያገኙትን አንድ ቀይ ጣኒካ አስሞልተው፣ ለግራዝማች ሊያሳዩ በገበያ ቀን መነሣትዎ ይታወሳል። እኔና ወለላ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚቀመጡባት እንዳትጠፋ፣ ከአንድ ቀን በፊት ተላክን። መኪናዋ ከደምበጫ ከተማ በታች ካለችው ወንዝ ስትደርስ ሦስት ጊዜ ሳለች፤ ከዚያም ጸጥ አለች። አቶ ፍቅረ ሥላሴ ወርደው ጣኒካውን አሸተቱ። መኪናዋ በማሽተት አልተነሣችም፤ እኔና ወለላ ከከተማው ተጠርተን ወረድን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ገበያተኛው ሁሉ አይቷል፤ ወለላ በጠፍር ተጠምዳ፣ እኔ ፊት ፊት እየመራሁ፣ ክቡርነትዎ በመስኮቱ እጅዎን እያወጡ ለሕዝቡ ሰላምታ እየሰጡ፣ በገበያው መካከል አልፈን በግራዝማች ደጅ ቆምን። ግራዝማች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡና ምን እንደሚያጠጧት ጠየቁ። እርስዎም ሰማንያ ሰባት አሉ። ግራዝማችም በቅሎዋን እያዩ “እውነትም ብርቱ ናት” ብለው እጅ ነሡ።

ያን ቀን ያልነገርኩዎት ነገር አለ። የግራዝማች ባልደራስ የሙያ ወንድሜ ነውና በጓሮ ወስዶ ያንን ቀይ ጣኒካ አሳየኝ። ባዶውን ለምነው ያመጡት ነው፤ በየወሩ ባለ ዶሮውን ይገለብጡበታል። መኪናቸውም አንድ ቀን ስላ አታውቅም። እንግዲህ ክቡርነትዎ ሁለት ወር እንቅልፍ ያጡት በአንድ ጣኒካ ቀለም ቀንተው ነው።

፭ኛ፤ ስለ ልውውጡ። ከደምበጫ እንደ ተመለስን ጥፋቱ የቀዩ ቤንዚን ማነስ ነው ተብሎ በአቶ ፍቅረ ሥላሴ ተፈረደ። አሥር አለቃውም ስድስት ቀይ ጣኒካ በስውር እሰጣለሁ፣ በምትኩ ለጭነት የምትሆን ጠንካራ በቅሎ እፈልጋለሁ አለ፤ መኪና መጎተቷን ሰምቷልና ወለላን መረጠ። ክቡርነትዎም ለፍልሰታ ዕለት፣ ነሐሴ ፲፮ ቀን፣ ልትወስዳት ትችላለህ ብለው ቃል ሰጡ። መኪናዋን ከጭቃ ያወጣች በቅሎ ለመኪናዋ መኖ መግዣ ሆነች። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሏል እንዲህ ነው።

ጦርነቱ በተፈታ ጊዜ እግርዎ ቆስሎ ከሰሜን ሲመለሱ አሥራ ሰባት ቀን የተሸከመችዎት ይህችው ናት። ያን ጊዜ ምን እንደምትበላ የጠየቃት አልነበረም፤ ከመንገድ ዳር ያገኘችውን እየነጨች አመጣችዎት። ደግሞም በቅሎዋ የእርስዎ ብቻ አይደለችም። የባለቤትዎ የወይዘሮ ያለምወርቅ አባት ከመርጡለ ማርያም ለልጃቸው ሠርግ የሰጧት ናት። ወይዘሮም ወለላ ከጋጣዋ በወጣች ጊዜ ይህንን አስታውሰው ሲያለቅሱ፣ እርስዎ በመኪና ትሄጃለሽ ብለው አጽናኗቸው። በሐምሌ ለሥላሴ በዓል ተዘጋጅተው ቢወጡ ግን መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት ሆነች፤ አንዱ የአቶ ፍቅረ ሥላሴ፣ አንዱ የእርስዎ። ከኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ልቀመጥ ቢሉ ያቺ የጣኒካው ናት ተባሉ። በነጭ ልብሳቸው በጭቃው መካከል ቆመው መኪናዋን ሲያዩ እኔ ከአጥሩ ሥር ወለላን ይዤ ነበርኩ። ተያየን። በዚያች ሰዓት በዚህ ግቢ የምቀናው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አወቅሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንዲት ነገር ናት፤ ወለላን ለአሥር አለቃው አይስጧት። ቃል ታጠፈ ተብሎ ክብርዎ እንዳይነካ በምትኳ እኔን ይስጡት። ስድስት ጣኒካ ባላወጣ ሦስት አላጣም፤ ጭነት እችላለሁ፣ ጣሊያንኛም ስለማልሰማ ስድብ አይሰማኝም።

በመጨረሻም ስለ ተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። በአሥራ አራት ዓመት ያላወቅሁትን ቅናት በአንድ ክረምት ስላስተማሩኝ፣ ማዕረግ በጣኒካ ላይ እንደሚጻፍ ስላሳዩኝ፣ በዝናብ ስላሳደሩኝም የበቅሎን ልብ እንዳውቅ ስላደረጉኝ ውለታዎን አልረሳም። መንገድዎ ሁሉ ጠጠር የተነጠፈበት፣ ወንዝዎ ሁሉ ድልድይ ያለው፣ ጎረቤትዎም ሁሉ በእግሩ የሚሄድ ይሁንልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ በጭቃ ላይ ተንበርክኬ፣

የክቡርነትዎ የቀድሞ ዓይን፣ የአሁን እንቅፋት፣
ባልደራስ አስማማው

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤

ከላይ ያለውን ልመና የጻፍኩት ትናንት ነው። ዛሬ ማለዳ ወይዘሮ ያለምወርቅ አነበቡትና፣ የራስን ንብረት መለመን ምን ይባላል ብለው ተቆጡኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይህን ሲያነቡ ወለላ ከአጥሩ ሥር የለችም። በላይዋ የተቀመጡት ወይዘሮ ናቸው፤ ደንገጡራቸው ወለተ ሚካኤልና ሊወስዷቸው የመጡት ወንድማቸው አብረው አሉ፤ ልጓሙ በእኔ እጅ ነው። ፍልሰታን በአባታቸው አገር በመርጡለ ማርያም ያከብራሉ። ስለ መመለስ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ለእርስዎ የላኩት ቃል ይህ ብቻ ነው፦ “ቦታውን ለጣኒካው ለቅቄለታለሁ በለው።”

ልከተላቸው ብለው እንዳይደክሙ እመክራለሁ። ወደ ጮቄ ማዶ የመኪና መንገድ የለም፤ በበቅሎ እንዳይመጡም በቅሎ የለዎትም። ግላሷን ለመኪናዋ ትተንላታል። ይህን ክረምት ሁሉ ተሸክሜው የከረምኩትን ቅናትም ለመንገድ ስለሚከብድ ይዤው አልሄድኩም፤ ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ነው።