የሎማክስ ትምህርት ቤት የመጨረሻዋ መምህርት፣ የወይዘሮ ቬልማ ሃደርሊ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቬልማ አይዳ ሃደርሊ ከአባታቸው ከአቶ ጃቤዝ ትሬጎውን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይዳ ኖል፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1937 በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር፣ ከሎማክስ ከተማ በላይ በነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የመሰንጠቂያው የእንፋሎት ሞተር ሠራተኛ ነበሩ። በጃንዋሪ 1939 ሰደድ እሳት ተራራውን ሲበላው፣ እናታቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን የነበሩትን ቬልማንና ወንድማቸውን ሬግን ይዘው ወንዝ ውስጥ ተኙ፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተረፉ። ሰፈሩ ግን አልተረፈም፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤትም አብሮ ነደደ። ቤተሰቡ ወደ ሎማክስ ወርዶ እንደገና ኑሮ ጀመረ።

ሎማክስ ወርቅ በነበረበት ዘመን ትልቅ ከተማ ነበረች። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቷ በ1862 በድንኳን ተከፈተ፤ መምህሩ አንድ ክረምት ብቻ ችለው በሁለተኛው ጥለው ሄዱ። ከላይ፣ ከወርቅ ቁፋሮው አጠገብ፣ ሁለተኛ ትምህርት ቤት በእንጨት ተሠርቶ ነበር። ወርቁ ሲያልቅ ቤቱን ለሁለት ሰንጥቀው በበሬ እየጎተቱ ወደ ሸለቆው ወሰዱት። መነኮሳይያቱም የራሳቸው ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ ልጅ ሲያልቅባቸው ቆልፈው ሄዱ። በመጨረሻ የቀረው በዋናው መንገድ ላይ ያለው ባለ አንድ ክፍሉ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የምናውቀው ወይዘሮ ቬልማ ፈልገው ስላገኙት ነው እንጂ ማናችንም ግድ ኖሮን አይደለም።

እሳቸውም በዚያው በባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ከተማሩ በኋላ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሸለቆው ከተማ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው አጠናቀዋል። በ1955 ሜልበርን ከሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በ1956 ተመረቁ። ለአራት ዓመት በስንዴው አገር፣ ኮረብታ በማይታይበት ሜዳ አስተምረዋል። አገሩ ሜዳ ስለሆነ እንቅልፍ አልወሰደኝም እያሉ ሲያሳቁን ኖረዋል። በፌብሩዋሪ 1961 ወደ ሎማክስ ተመልሰው የባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤት ብቸኛ መምህርት ሆኑ። በዚያን ዓመት ሠላሳ አንድ ተማሪ ነበራቸው።

በሴፕቴምበር 1963 ግንድ በመኪና ያመላልሱ የነበሩትን አቶ ክሌም ሃደርሊን አግብተው፣ በ1966 ልጃቸውን ሮስን ወለዱ። አቶ ክሌም በ1979 ጫካ ውስጥ ዛፍ ወድቆባቸው ሞቱ። ወይዘሮ ቬልማ ቀብሩ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብተው ስም ጠርተዋል።

ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ የወንድማቸው የሬግ ልጅ ኔሪዳ ነኝ። ከ1963 ጀምሮ ለሰባት ዓመት አስተምረውኛል። ቁጡ ነበሩ። ዓይኔ ወደ ውጭ ሲሸሽ፣ «ኔሪዳ፣ የምፈትንሽ ስለ መስኮቱ አይደለም፤ ወደ ደብተርሽ!» ይሉኝ ነበር። አክስትነት፣ የወንድም ልጅነት ክፍል ውስጥ አይሠራም ነበር። የክፍሉን ስም መጥሪያ መዝገብ በቀለም ይጽፉ ነበር እንጂ በእርሳስ አይነኩትም። በሠላሳ ሦስት ዓመት አንድም ቀን የቀረውን መጥቷል፣ የመጣውን ቀርቷል ብለው አያውቁም።

በ1984 ሎማክስ የነበረው የእንጨት መሰንጠቂያ ተዘጋ፤ ሰውም መውረድ ጀመረ። በ1993 መጀመሪያ ላይ ከዐሥራ ሁለት ተማሪ በታች ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ይዘጋል የሚል ወሬ መጣ። የተማሪዎች ቆጠራ ለፌብሩዋሪ 26 ተቀጠረ። ሎማክስ ዐሥር ልጅ ነበራት። የእኔ ሁለቱ ልጆች፣ ታምሲንና ብሮዲ፣ ቢጨመሩ ዐሥራ ሁለት ይሆኑ ነበር። እኔ ግን ባለቤቴ ሥራ ስላገኘ በጃንዋሪ ወደ ሸለቆው ወርጄ እነሱን እዚያ አስመዝግቤያቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ዓይነት ነገር ያደግሁበት ተራራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በትንንሾቹ ትምህርት ቤቶቻችን ለቆጠራ ቀን ልጅ መዋዋስ የቆየ ነገር ነው፤ እኛም ለጎረቤት መንደር ሦስት ልጅ አውሰን እናውቃለን። ሕዝቡ በአዳራሹ ተሰብስቦ ለዚያች አንድ ቀን ልጆቼን እንዳመጣ ወሰነ። ለመምህርቷ እኔ እንድነግራቸው ተላክሁ። በራቸው ላይ ቆመን የተነጋገርነው ይህ ነው፦

«አክስቴ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው። ማንም አይጎዳም።»

«ልጆችሽ ናቸው፤ አምጫቸው፤ አልከለክልሽም። እኔ ግን ያልሆነውን አልጽፍም። ስማቸው ሸለቆ ተጽፏል።»

«ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነው የምትይው?»

«እሱን እኔ አላልኩም። ኔሪዳ፣ ሰማሽኝ? አልጽፍም።»

ሰምቻቸዋለሁ። ወደ አዳራሹ ተመልሼ ግን «አምጫቸው ብላኛለች» አልኩ። ሁለተኛውን ግማሽ ለማንም አልተናገርኩም። ቀኑ ሲደርስ ልባቸው ይራራል፣ እንግዳ ፊት አያዋርዱንም ብዬ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ለሰው አልነገርኩም።

በቆጠራው ዕለት ታምሲንና ብሮዲ የድሮ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው የድሮ ቦታቸው ተቀመጡ። ወላጅ ሁሉ ከኋላ ቆሟል። ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ለቆጠራው የተላከው ሰው ከመምህርቷ ጎን ነበር። ወይዘሮ ቬልማ ዐሥር ስም ጠርተው መዝገቡን ዘጉት። ሰውዬው ወደ ልጆቼ እያየ፣ «እነዚህ ሁለቱስ?» አላቸው።

«እንግዶች ናቸው» አሉ። «የወንድሜ የልጅ ልጆች። ሊጠይቁን መጥተው ነው።»

በዲሴምበር 1993 ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዐሥሩ ልጆች በአውቶቡስ ወደ ሸለቆው መመላለስ ጀመሩ። በመጀመሪያው ክረምት መንገዱ በበረዶ ሁለት ጊዜ ተዘጋ፤ በማግሥቱ ዓመት አራት ቤተሰብ ለቆ ወረደ፤ ከዚያ ፖስታ ቤቱ፣ ከዚያ ሱቁ። ዛሬ ሎማክስ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ይኖራል፤ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ አንድም የለም። ክፍሉ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ለሚመጡ እንግዶች የሚከራይ ማረፊያ ሆኗል።

ለዚህ ሁሉ ያገኘነው ተጠያቂ አንድ ሰው ነው። አባብላ ልጆቹን አስመጥታ ካደች አልናቸው። «ቆጣሪዋ» የሚል ስም ወጣላቸው። ባለሱቁ አቶ አልፍ ፓስኮ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ወተት ሊገዙ ሲገቡ ሰው እየሰማ፣ «ደግሞ ዛሬ ምን ልትቆጥሪብን መጣሽ?» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም፣ «አንድ ወተት፣ አልፍ» ብለው ይዘው ይወጣሉ። ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ ሌላ ቦታ ሄደው አልገዙም። እኔ ከዐሥር ዓመት በላይ ደጃቸውን አልረገጥኩም። «አትጽፍም ብላ ነግራኝ ነበር» ብል ያበቃ ነበር። አላልኩም። እሳቸውም አላሉም።

ከ1994 ጀምሮ የሎማክስን ትምህርት ቤቶች ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። የድሮ ጋዜጣ አገላብጠዋል፤ የመቃብር ድንጋይ እየጠረጉ አንብበዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሜልበርን ወርደው በመንግሥት መዛግብት ቤት ፋይል ሲያስወጡ ውለዋል። አሮጌ ፎቶግራፍ ፍለጋ የድሮ ተማሪዎቻቸውን በር አንኳኩተዋል። ፊደል ያስቆጠሯቸው ሰዎች መጋረጃውን ገለጥ አድርገው አይተው በሩን ሳይከፍቱላቸው ቀርተዋል። ይህን የምናገረው እዚህ የተቀመጣችሁትን ለማሳፈር አይደለም፤ እኔም ቤት መጥተው ነበር።

በ2006 ፋሲካ የወጣው የወረደው ሁሉ የሚሰበሰብበት «ወደ ሎማክስ እንመለስ» የሚባለው በዓል ተዘጋጀ። ለበዓሉ የከተማዋ ታሪክ መጽሐፍ ሊታተም ስለነበር፣ ወይዘሮ ቬልማ ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፋቸውን በታይፕ አስመትተው ለኮሚቴው ላኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አልፍ፣ ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ። ጽሑፉ ስምንት ወር እኔ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ከተቀመጠ በኋላ አቶ አልፍ፣ «ቆጣሪዋ ስለ ትምህርት ቤት ልታስተምረን? በይ መልሽላት» አሉኝ። አመስግነን ቦታ እንዳጣንለት የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጥቅሉን አስሬ ደጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

እንዲያም ሆኖ በዓሉ ላይ መጡ። እንደ ደንቡ ሴቶች ሁሉ አንድ አንድ ሳህን ይዘን ነበር፤ እሳቸውም በኮኮናት የተለወሰ ኬክ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ከሌላው ጋር አስቀመጡ። ከሰዓት ሌሎቹ ሳህኖች ሁሉ ባዶ ሲሆኑ የእሳቸው አልተነካም። ሻይ ጨርሰው፣ ሽፋኑን መልሰው፣ ይዘው ሄዱ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር።

በ2016 ስትሮክ አግኝቷቸው በሸለቆው ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ግራ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። እኔም መጠየቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እሳቸው መልስ መስጠት ሲያቅታቸው። ሦስት ዓመት ከታመሙ በኋላ ጁላይ 9 ቀን 2019 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለፈው ማክሰኞ ለዚህ ታሪክ የሥራ ዘመናቸውን ቀን ላጣራ ቤታቸው ሄድኩ። ያንን ጽሑፍ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ያሰርኩት ገመድ እንደታሰረ ነው። ፈታሁትና ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ገጽ 209 ላይ እንዲህ ይላል፦

«የሎማክስ ትምህርት ቤት በዲሴምበር 1993 ተዘጋ። የመዝጊያው ውሳኔ የተፈረመው በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 9 ቀን ነው። የተማሪዎች ቆጠራ የተደረገው ፌብሩዋሪ 26 ቀን ነው።»

የውሳኔው ደብዳቤ ግልባጭ ከበስተጀርባው ተያይዟል። ዐሥር ቢሉ፣ ዐሥራ ሁለት ቢሉ፣ መቶ ቢሉ፣ ነገሩ ከዐሥራ ሰባት ቀን በፊት አልቆ ነበር። ገጹ ላይ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ስለ ራሳቸውም ሆነ ስለ እኛ። አንዳችን ብናነበው ኖሮ የሚበቃ ነበር። ስምንት ወር እጄ ላይ ነበር።

ወይዘሮ ቬልማ ከልጃቸው ከአቶ ሮስ ሃደርሊ፣ ከእኔ ከወንድማቸው ልጅ፣ እንዲሁም አንድ ቀን እንግዶቻቸው ከነበሩት ከታምሲንና ከብሮዲ ተለይተዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስተማሯቸው ተማሪዎች ሁለት መቶ አርባ ስድስት ናቸው፤ ዛሬ እዚህ የተገኘነው ዐሥራ አራት ነን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን እውነት ከሚናገሩት ጋር ያኑርልን። ለእኛ ለቀረነው መጽናናትን ይስጥልን ማለት ልማድ ነው፤ እኔ አልለምንም። ይቅርታ ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ሰው ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ አሁን ልንቀብራቸው ነው።