የግራው ክንፍ ጡንቻ

ማክሰኞ ኅዳር 7፣ ጥዋት 4፡20

አሁን ነው የተበላሸው። ሰናይት ከክፍሉ ፊት ቆማ "የእኔ ጥናት" አለች። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል የኔ፤ የእጅ ጽሑፉም የኔ። መምህራችን ዶ/ር ይልማ "ጎበዝ፣ ጓድ ሰናይት!" ይላሉ። እኔ ኋላ ወንበር። ደብተሬ፣ ጉልበቴ ላይ ደብቄ ነው የምጽፍብሽ።

ስድስት ሳምንት! ዶሮዎቹን ከጠዳ ገበያ ያመጣሁ እኔ። ሸክም ጡንቻን ያወፍር እንደሆነ ለማየት ግራ ክንፋቸው ላይ የአሸዋ ከረጢት ያሰርሁ፣ ቀኙን ባዶ የተውሁ እኔ። እሷ ሽታውን ጠልታ የዶሮ ቤቱን ደጃፍ አልረገጠችም። ግን ድምጿ ሸጋ። አንገቷ። ያ ቀይ ሹራቧ። እቀናለሁ። ይጻፍ።

ረቡዕ 8፣ ከምሳ በኋላ

ለምን ግራው ብቻ ወፈረ? ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሆርሞን ነዋ! አለች።

ሆርሞን በደም ይዞራል፤ እሱ ቢሆን ሁለቱም ክንፍ በወፈረ። ውጥረቱ የሚሰማው እዚያው፣ የተሸከመው ጡንቻ ሴል ውስጥ ነው። ሴሉ አሚኖ አሲድ ይስባል፣ የፕሮቲን ትእዛዝ የሚያደርሰው አር ኤን ኤ ይበዛል፣ ፕሮቲን ይገነባል፣ የጡንቻው ክር ይወፍራል። መጎተት እንዴት የኬሚካል ትእዛዝ ይሆናል? አላውቅም። ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የነሣው እኔን ነበር። ጭብጨባው ለሷ።

ሸክም በአንዱ ክንፍ፣ ውፍረት በሌላው። በዶሮ እንኳ አላየሁም።

ዓርብ 10፣ 5 ሰዓት

አር ኤን ኤ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ዶ/ር ክፍል ውስጥ፣ ዶሮው ከታረደ በኋላ ጡንቻው ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ማንስ አረደ ብለው ጠየቁ። ሰናይት፦ "እኔው ነኝ።"

 ክፍሉ ሳቀ። ጎንደር ላይ ሴት ልጅ ዶሮ ስታርድ! እኔ እንኳ ሁልጊዜ የዶሮ ቤቱን ጠባቂ አያ ወርቁን ደጅ ጠንቼ ነው የማሳርደው። እሳቸውም ዶሮ ያመጡበትን ባዶ ቅርጫት ይዘው የክፍሉ በር ላይ ነበሩ።

"ምነው ልጄ! በስመ አብ ብዬ ያረድሁ እኔ፣ ክንፍ የያዘችልኝ ያች የኋላዋ። አንቺን ገና ዛሬ አየሁሽ።"

ፊቷ ሹራቧን መሰለ። ደስ አለኝ። ክፉኛ ደስ አለኝ።

6 ሰዓት ተኩል

ዶ/ር ቢሮ ጠሩኝ። አዲስ አበባ የሚላከው የጥናቱ ጽሑፍ በሁለታችን ስም ይሁን አሉ፤ ግን የሷ ይቅደም። የፖለቲካ ውይይት ክበቡ ጸሐፊ ናት፣ ጓዶቹ ያውቋታል አሉ። አመሰግናለሁ እስክል ጠበቁ።

አላልሁም። የስድስት ሳምንቱን የልኬት መዝገቤን ከጠረጴዛቸው አንሥቼ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ ወጣሁ። ያለ እሱ ጽሑፉ አይሄድም።

ይመጡብኛል። ይምጡ። የሠራሁትን ማንም "የእኔ" ሲል ከእንግዲህ ኋላ ወንበር ተቀምጬ አልሰማም። ስሜም ከስሟ በታች አይጻፍም።