ያላዳንኳቸውን ሴት ስላዳንኩበት የምስጋና ወረቀት

ይድረስ ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ የደኅንነት ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎን፣ ዓይንዎን፣ በተለይም የሚፈርሙበትን ቀኝ እጅዎን ከድካም ይጠብቅልኝ እላለሁ፤ በዚያ እጅ ፊርማ ጀግና የተባልኩ ሰው ነኝና ነገሩ ይገደኛል።

ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ፣ አንድ ደብዳቤ ገብቶ እስኪወጣ ስንት ጠረጴዛ እንደሚዞር አውቃለሁ። ከቤቴ ደጃፍ፣ መንገዱ መሃል፣ ክዳኑ ስለጠፋው የፍሳሽ ጉድጓድ አራት ጊዜ ጽፌልዎ እስከ ዛሬ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ባልና ሚስት ስለሚያስተዳድሩት የተፈጥሮ መዋኛ የጻፍኩት አንድ ማመልከቻ ግን በዘጠነኛው ቀን ውሳኔ አግኝቷል። ለዚህ ቅልጥፍና ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እውነት የጻፍኩባቸው አራቱ ተኝተው የዋሸሁበት አምስተኛው መሮጡ ግን ትንሽ አሳስቦኛል።

አዎን፣ ዋሽቻለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሦስት ወር ከርሜያለሁ፤ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ክፍልዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነብ ስለማውቅ ኃጢአቴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ቦታው፣ ተቆጣጣሪዎ «ምንጩ ያልታወቀ ጥልቅ የውሃ አካል» ያሉት፣ መሬቱ በጥንት ዘመን ተደርምሶ የተወው ክብ ጉድጓድ ነው። ዙሪያው ቋጥኝ ነው፤ ታች ጠጠሩ እስኪቆጠር የጠራ ውሃ አለ። ወደ ውሃው የሚያወርዱትን ስልሳ ሁለት ደረጃዎች ባልየው፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ በመዶሻና በመሮ ስድስት ዓመት የጠረቧቸው ናቸው። ከላይ ሦስት የእንግዳ ክፍሎች አሉ፤ የብረት አልጋ፣ ፎጣ የሚሰቀልበት ሚስማር፣ ወደ ውሃው የሚያይ መስኮት፣ ሌላ ምንም። ተቆጣጣሪዎ ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ ሞተሩንም ሳያጠፉ፣ ደረጃው እንደሚያዳልጥ ለማወቅ መቻላቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

የቤቱ ሕግ አንድ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የሚገባ ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ሚስትየው ይይዛሉ። እኚህ ሴት፣ እንግዳው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው፣ ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ እዚያ ውሃ ውስጥ ያደጉ ናቸው።

፪. ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ጆሮዋ መስማት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ፣ አባቷ በወጣትነቱ አንድ ሰፊ ወንዝ ደርሶ መልስ በዋና ያቋርጥ እንደነበር አፌን ሞልቼ ነግሬያታለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ አላውቅም። እሷው ለምና ለምና ነው እሷንም ባለቤቴንም ወደዚያ የወሰድኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና፣ ገመድ ታስረው ለሚንቦራጨቁት ለልጄና ለባለቤቴ «እጃችሁን ዘርጉ፣ እግራችሁን ምቱ» እያልኩ መመሪያ ስሰጥ ዋልኩ። እትዬ ገመዱን እንደያዙ አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ገመዳቸው ተመለሱ።

እዚያው አድረን፣ በማግስቱ ማለዳ፣ ልጄ ሳትነሳ ትንሽ ልለማመድ ብዬ ወረድኩ። እትዬን መዋኘት እንደማልችል ነግሬ ለመንኳቸው። ሳይስቁብኝ ገመዱን አሰሩልኝ፤ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ ይዤሃለሁ» አሉኝ። ውሃው ደረቴ ጋ እንደደረሰ የልጄን ነጠላ ጫማ ድምፅ ከደረጃው ላይ ሰማሁ። ወገቤ ታስሮ እንዳታየኝ ብዬ ቋጠሮውን ፈታሁና ገመዱን ወረወርኩት። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስል፣ እግሬ ሥር የነበረው ድንጋይ አለቀ።

እትዬ ከነቀሚሳቸው ከነሻሻቸው ዘለው ገቡ። ብብቴን ይዘው እንዳወጡኝ አስታውሳለሁ። ልጄ የመጨረሻውን ደረጃ ዞራ ብቅ ስትል እኔ በአራት እግሬ ሆኜ የጠጣሁትን ስመልስ፣ እሳቸው ቀሚሳቸውን ሲጨምቁ አገኘችን። ምን ሆናችሁ ብላ ስትጮህ እትዬ ፊቴን አዩ፤ ልጄን አዩ። ከዚያ «እግሬን አዳለጠኝና ገባሁ፤ ደግነቱ አባትሽ ነበር» አሏት። ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል፤ እዚያ ቦታ መሬቷ ከተከፈተች ቆይታለች፣ እኔ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩና ዝም አልኩ።

፫. ልጄ ለክፍሏ ልጆች ነገረች፤ ባለቤቴ ለሰፈሩ ነገረች፤ ወሬው እኔ ሳልደርስ ቢሮዬ ደረሰ። አለቃዬ ጠርተውኝ፣ ባለቤቷ መዋኘት የማትችልበትን መዋኛ ሪፖርት ማድረግ የጀግና ግዴታ ነው አሉኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት መናገር ነበረብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ እውነቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ፣ በሦስት ቅጂ፣ «ባለቤቷ ራሷ ሰጥማ በእንግዳ እጅ ከሞት ተርፋለች» ብዬ ጻፍኩ። አንቱ የምላቸውን ሴት በጽሑፍ «እሷ» አደረግኳቸው። ይኼ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ከውሸቱ እኩል ያቃጥለኛል።

ክፍልዎ ያለ ማጣራት ወስኗል ብዬ እንዳልወቅስዎ፣ ማጣራቱን በመዝገቡ ውስጥ አንብቤያለሁ። ተቆጣጣሪዎ ለእትዬ ስልክ ደውለው፣ ለምን እንደሚጠይቁ ሳይነግሯቸው፣ አንድ እንግዳ ከውሃ አውጥቷቸው እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። እሳቸውም «አዎ፣ እሱ ነው ያወጣኝ፤ ጎበዝ ሰው ነው» ብለው መለሱ። ለልጄ የተናገሩትን ቃል ጠበቁልኝ። ተቆጣጣሪዎም ጻፉት፣ እርስዎም ፈረሙበት።

፬. ውሳኔዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ደረጃው ታሽጓል፤ ሦስቱ ክፍሎች ተቆልፈዋል፤ እትዬ የመዋኘት ብቃታቸውን በፈተና እስኪያስመሰክሩ ድረስ ከውሃው ሃያ እርምጃ እንዲርቁ ታዘዋል። ፈተናው የሚሰጠው በዚያው ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልተፈተኑ ቦታው ለዘለቄታው ይዘጋል። ሃያ እርምጃ ርቆ መዋኘት የሚቻልበትን ዘዴ መመሪያው አይገልጽም። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ መመሪያ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥንቅቅ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ቤተሰቡ ሌላ መተዳደሪያ የለውም። ለጋሼ ስልክ ደውዬ ማንነቴን ስነግራቸው፣ እንዳልከሰስኳቸው እርግጠኛ ሆነው፣ መጀመሪያ የጠየቁኝ የልጄን ደኅንነት ነው። ስልኩን ዘጋሁባቸው። የሠራሁትን በጆሯቸው ለመንገር አልደፈርኩም።

፭. የላኩልኝ የምስጋና ወረቀት ደርሶኛል፤ ማኅተሙም ያምራል። ልጄ በፍሬም አስደርጋ ከምግብ ጠረጴዛችን በላይ ሰቀለችው፤ ሦስት ወር ሙሉ ከሥሩ ተቀምጬ በላሁ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ወንዙንም ጨምሬ። አላለቀሰችም። ወንበር ላይ ወጥታ ፍሬሙን አወረደችና፣ የከሰስኳቸው እኔ መሆኔን እትዬ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አያውቁም ስላት ፍሬሙን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እፍረት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ከዚያ በፊት የነበረው መፍራት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከእናቷ ጋር ሦስታችንም ሄደን እነግራቸዋለን።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው፣ ማመልከቻዬ ውሸት ስለሆነ ይሰረዝ፣ እሽጉ ይነሳ፣ ሰዎቹ ይቅርታ ይጠየቁ። የምስጋና ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። አዲስ ማሳተም አያስፈልግም፤ ስሜን ፍቀው የእትዬን ቢጽፉበት ሌላው ቃል በሙሉ ልክ ነው።

ጀግንነቱን ከነፍሬሙ የመለሰ፣ ከጉልበት በላይ ውሃ የማያውቅ፣ በክቡርነትዎ ፍጥነት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲደነቅ የሚኖር ትሑት አገልጋይዎ፣

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለአለቃዬ
ለልጄ ክፍል አስተማሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል ሁለተኛው ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ ባሳየሁት ጀግንነት የዋና ፈተናው ገምጋሚ አድርገው ስለሾሙኝ አመሰግናለሁ። በመመሪያው መሠረት ገምጋሚው ከተፈታኙ ጋር ውሃ ውስጥ መግባት እንዳለበትም ተረድቻለሁ። ሹመቱን የሚያጸኑት ከሆነ በዕለቱ እኔን የሚያወጣኝ ሰው እንዲያዘጋጁልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ የማውቃቸው አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ሃያ እርምጃ አርቀዋቸዋል።