ለከበሮው የመጣ ቆዳ

ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰማይ ቤት ያላችሁ ሁሉ ጸጥ በሉ! የባሕር ማዶ መንግሥት ጣልያን በሃይማኖታችን ላይ በሚያደርሰው ግፍ ተቆጥቶ፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ መልእክተኛ ላከ።

ካለፍሽ ሁለት ክረምት ሆነ፤ መቃብርሽ ላይ ያለው ሣር ጉልበቴን አልፏል። ቤታችን እንደተውሽው አይደለም። አባባን ጣልያን አሰረብን። መሪጌታ አይደሉ፣ ለንጉሣችን ቅኔ ተቀኙ ቢሏቸው ጉሮሮዬ ደርቋል አሉ። በየጠዋቱ አገልግል ይዤ እስር ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ስንቁ ሳይነካ የተመለሰበት ሰው፣ ዳግመኛ በሕይወት አይታይም።

እንግዲህ መልእክተኛው ሲመጣ፣ የጣልያኑ ሹም ካህናቱን ሰብስቦ በከበሮ በጽናጽል ደስ ብሏችሁ ዘምሩ፣ ማንም አልበደለንም በሉ ብሎ አስጠነቀቀ። በቤተ ክርስቲያኑ በየምሰሶው ወታደር ቆመ። የኛዎቹ ግን መክረው፣ በኅዳር የሕማማትን ዜማ አወጡልሽ! ከበሮ የለ፣ ጽናጽል የለ፣ ስግደት ብቻ። እንግዳው እጁን ቢዘረጋ የሚጨብጠው ጠፋ። ክርስቲያን ከሆነ፣ በሕማማት ሰላምታ እንደሌለ አያጣውም፣ ሐዘናችንን ለመንግሥቱ ይነግርልናል ብለን ነበር።

እሱ እቴ! ፈገግ ብሎ አብሮን ሰገደ። ባርኔጣው ተንከባሎ እግሬ ሥር መጣ። ሳቀብል አስተርጓሚውን፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስቅለት ነው በልልን እንጂ» አልኩት በሹክሹክታ። «አንተ መዓተኛ፣ እኔን ልታሰቅል ነው?» ብሎ ላብ በላብ ሆነ።

እንግዳው ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ ያ ጥግ የተቀመጠው ከበሮ ለምን አይመታም ብሎ ጠየቀ። ሹሙ ቀደመና ቆዳው ተቀዶ ነው አለ።

በሳምንቱ መኪና መጣ። አባባን አመጡልን ብዬ ሮጥሁ። ወታደሩ ያወረደው አንድ የበሬ ቆዳ ነው። ለካ የባሕር ማዶው መንግሥት አዝኖ፣ ከበሯቸው ይጠገንላቸው ብሎ ለጣልያን ተናግሯል።

በቃ፣ ያን ሁሉ አዋጅ የነገርኩሽ ለአንድ ቆዳ ነው፤ ያውም በቅጡ ላልለፋ። ብትስቂ አልቀየምም። እኔም ዛሬ ጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ እስክቆም ስስቅ ነበር። ወታደሩ ዘገየብኝ። ኋላ አገልግሉን አመጣው፤ ባዶ ነው። አባባ በልተዋል።

እንስራሽን ከበሮ አድርጌ ስመታ በዱላ ያሯሯጥሽኝን አልረሳም። ቆዳውን ማንም አልነካውም። አባባ የወጡ ቀን ግን አልፍቼ ከበሮውን አለብሰዋለሁ፣ መጀመሪያም መቃብርሽ አጠገብ እመታዋለሁ። ያኔ ዱላሽን ይዘሽ ትነሺ እንደሁ እናያለን።