ሽማግሌዎቼን በፎርፌ ላስቀሩብኝ የመዝገብ ሹም

ጥር 2001 ዓ.ም.
ሚኒያፖሊስ

ለተከበሩ የፖርት ዋሪን እግር ኳስ ክለብ የታሪክና የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ
አውስትራሊያ

ጉዳዩ፦ ከሜዳ ውጪ አለማሸነፋችሁን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ ከዚያም በላይ የግራ መስመር ተከላካያችሁ ጉልበት ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ እዚህ በረዶ እየጠረግን፣ እናንተ እዚያ በበጋ ፀሐይ እየተሸነፋችሁ፣ ሁላችንም በየፊናችን ደኅና ነን።

በአማርኛ በመጻፌ እንዳይቀየሙኝ። ስሞታ በሰው ቋንቋ ሲጻፍ ወዙ ይጠፋል። ደግሞም ደብዳቤው የሚወጣው በማኅበረሰባችን መጽሔት ላይ ስለሆነ፣ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ማንበብ ያለበት ሰው ማንበቡ አይቀርም።

ዮሐና ቦጋለ እባላለሁ። ሮቢንስዴል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነርሲንግ አሲስታንት ሆኜ እሠራለሁ። ኳስ አልወድም ነበር፤ አሁንም አልወድም። ይሁን እንጂ የክለባችሁን የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ፣ በዕድሜ የገፋውን ጎል አግቢ፣ ብዙ ተመልካች የገባበትን ጨዋታና በዝናብ የተቋረጠውን ጨዋታ ጠይቁኝ፣ አንድም ሳልስት በቃሌ እወጣዋለሁ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። በየሳምንቱ የሚያድሱት ድረ ገጽ ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ፣ እንዲሁ አግብቼ መሃይም ሆኜ እቀር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋቁማ የሚባል የምወደው ሰው አለ፤ ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል። ታላቅ ወንድሙ ቀጀላ ይባላል። ሁለቱ ኬንያ በስደት ላይ ሳሉ አንዱን አሜሪካ ተቀበለችው፣ ሌላውን አውስትራሊያ ወሰደችው። ቀጀላ በከተማችሁ ሥጋ ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ የሥራ ባልደረቦቹ አንድ ቀን ስቴዲየም ይዘውት ቢሄዱ በዚያው የእናንተ ሆኖ ቀረ። ዋቁማም ከወንድሙ ጋር የሚያወራው ነገር እንዳያጣ ክለባችሁን ያዘ። በስልክ ካርድ ሲደዋወሉ ሰላምታው ባጭሩ ያልቅና የተቀረው ስለ ማዕዘን ምት ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በፋሲካ፣ እናቴ ቤት ሰው ተሰብስቦ፣ አባቴ አቶ ቦጋለ እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆነው በተቀመጡበት፣ አክስቴ ዋቁማን ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው ታዲያ ብላ ያዘችው። እሱም ትንሽ አሰበና «ፖርት ዋሪን ከሜዳው ውጪ ባሸነፈ ሳምንት ሽማግሌ እልካለሁ፤ ፕሮሚስ አደርጋለሁ» አለ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። የትም ያለ ቡድን አንዳንዴ ከሜዳው ውጪ ማሸነፉ አይቀርም ብለን ነው። መዝገባችሁን ያየ ሰው በመካከላችን አልነበረም።

እንግዲህ ከፈቀዱልኝ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ትጋትዎ። «በክለቡ ታሪክ ከሜዳ ውጪ ረጅሙ ያለማሸነፍ ጉዞ» የሚል ሰንጠረዥ ሠርተው፣ ቡድናችሁ በተሸነፈ ቁጥር አንድ እየጨመሩ፣ የድሮው ቁጥር ሲሰበርም «አዲስ ክብረ ወሰን» ብለው በደማቅ ቀለም ጽፈዋል። ሽንፈትን እንዲህ በክብር የሚያስተናግድ መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ መኖሩን ባለማወቄ አፍሬአለሁ። የእኔ ዕድሜም በየሳምንቱ አብሮ እየጨመረ ስለሆነ፣ ከጎኑ አንዲት ጠባብ ዓምድ ቢከፍቱልኝ አመሰግናለሁ።

2. ስለ ፈጣኑ ቀይ ካርድ። ተቀይሮ ገብቶ ኳስ ሳይነካ በቀይ የተባረረው ተጫዋቻችሁ በእኔ ዘንድ ከሁሉም የተከበረ ነው። ገባ፣ ወሰነ፣ ወጣ። ወንድ ማለት እንዲህ ነው። አድራሻውን ቢልኩልኝ ዋቁማን እንዲመክርልኝ እጠይቀዋለሁ፤ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም።

3. ስለ እናቴ። እናቴ ወይዘሮ ባየሽ በዕድሜዋ ኳስ አይታ አታውቅም። አሁን ግን ለበረኛችሁ ትጸልያለች። ስሙን መጥራት ስላቃታት «ያ ረጅሙ ልጅ» ትለዋለች። ድረ ገጽዎ ላይ ፎቶውን ባሳየኋት ጊዜ ፊቱ ገርጥቶ አየችውና ችግሩ የምግብ ነው ብላ ደመደመች። ጉምሩካችሁ የሚያሳልፍላት ከሆነ በሶ አዘጋጅታ ለመላክ ዝግጁ ናት። እኔ የፈለግሁት አማች እንድታገኝ ነበር፤ እርስዎ በረኛ ሰጧት።

4. ስለ ድሉ። ባለፈው ኅዳር ተአምር ሆነና ከሜዳችሁ ውጪ አንድ ለዜሮ አሸነፋችሁ። ቀጀላ በስልክ እየጮኸ አበሰረ። ዋቁማ ኤርፖርት ተራ ይጠብቅ ስለነበር ከመኪናው ወርዶ ከኋላው የነበሩትን ሶማሊያዊ አዛውንት ሾፌር ጉንጫቸውን ሳማቸው፤ ሰውየው እስከ ዛሬ ድረስ ምን እንዳገኘው ይጠይቃሉ። የዚያኑ ሳምንት ቅዳሜም አቶ ዱጋሳና አቶ ባይሳ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በበረዶው ላይ እየተደጋገፉ፣ ከሴንት ፖል እኛ ቤት ድረስ ለሽምግልና መጡ።

አባቴ በልባቸው እሺ ብለው ጨርሰዋል። ዳሩ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ በእኛ ዘንድ የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ካለ ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ስለዚህ እንደ ወጉ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ ከዘመድ ጋር እንመካከራለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ። የሚያማክሩት ዘመድ አልነበረም፤ ዘመድ የተባለ ሁሉ ጓዳ ውስጥ ተጠጋግቶ ቆሞ እያዳመጠ ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እናንተ ቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች ማሰለፋችሁ ተደረሰበት። ሊጉም ድላችሁን ነጥቆ ለተጋጣሚያችሁ ሦስት ለዜሮ ፎርፌ ሰጠ። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ ድሉን ሰርዘው አንዲት የኮከብ ምልክት አኖሩበት። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥቂት ሰነፍ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ባለትዳር ነበርኩ።

ዋቁማ ዝም ቢል ኖሮ በመላው ሚኒሶታ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ዝም አይልም። አቶ ዱጋሳ ጋ ደወለና «ኦቦ ዱጋሳ፣ ያ ዊን ካንስል ተደርጓል፤ ቃሌ አልሞላም» አላቸው። አቶ ዱጋሳ፣ አቶ ባይሳ ለሴቷ ወገን ይነግራሉ አሉ፤ አቶ ባይሳ ደግሞ አቶ ዱጋሳ ነግረዋል አሉ። ለእኛ ቤት የደወለ ሰው የለም፤ እኔም ሽማግሌ መጣልኝ ብዬ ድረ ገጽዎን መክፈት ትቼ ነበር።

በቀጠሮው ቅዳሜ እናቴ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ አባቴ ክራቫታቸውን አስረው፣ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ መኝታ ቤት ተቀምጬ፣ የመኪና በር ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር መጋረጃውን ገለጥ እያደረግሁ ጠበቅን። ማንም አልመጣም። ምግቡ ቀዘቀዘ። አባቴ ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና ዳውንታውን ካሸር ሆነው ወደሚሠሩበት ፓርኪንግ ሄዱ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ከማልቀሴ ይልቅ አባቴ በእኔ ምክንያት ማፈራቸው አንገበገበኝ። ይህ በሰንጠረዥዎ ውስጥ ቦታ ካለው ይመዝግቡልኝ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ፣ ያ ክለብ የዓለም ዋንጫ ቢበላ እንኳ ደጄን የሚረግጥ ሽማግሌ የለም ብለው ምለዋል። ሆኖም ባለፈው ሳምንት ላይብረሪ ብገባ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ከኮምፒውተሩ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው የደረጃ ሰንጠረዣችሁን ሲያነቡ አገኘኋቸው። ምን እያዩ ነው ብላቸው የአየር ሁኔታ አሉኝ።

5. ስለዚያች ጎል። ጨዋታውን ዜሮ ለሦስት ተሸነፍን ብለው ከጻፉ በኋላ፣ ጎሏን ያገባውን ልጅ ግን በግል መዝገቡ ላይ አልነኩበትም፤ ጎሏ ዛሬም ተቆጥራለታለች። ስለዚህ አንድም ጎል ባላገባችሁበት ጨዋታ ጎል ያገባ ተጫዋች አላችሁ ማለት ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ባሳየኋቸው ጊዜ ተጣሉ። አቶ ባይሳ የገባች ጎል ገብታለች፣ የልጁም ቃል ሞልቷል አሉ። አቶ ዱጋሳ ደግሞ ልጁ ያለው ድል ነው፣ ስለ ጎል ያነሳ የለም አሉ። ሁለቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ እንኳ መኪናቸውን አራርቀው ያቆማሉ።

እኔ ያቺን ጎል በደንብ አውቃታለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የእናቴ ማኅበርተኞች ሁሉ የዋቁማ እጮኛ ይሉኛል። በእሱ ስም ተቆጥሬአለሁ፤ ውጤቱ ላይ ግን የለሁም።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቁምና አንድ ነገር በቅንነት ልንገርዎ። ዋቁማ ለምን እንዲያ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ቀጀላ ቪዛ ተከልክሏል፤ ሠርጋችን ላይ አይገኝም። አባትና እናት የላቸውም፤ በወጉ ቢሆን ሽማግሌ መርጦ የሚልክለት ታላቅ ወንድሙ ነበር። ዋቁማም ወንድሙ ከሩቅ ሆኖ እጁ እንዲኖርበት ፈልጎ ነገሩን ሁሉ ቀጀላ በሚያየው ሜዳ ላይ አንጠለጠለው፤ ድሉን ደውሎ የሚያበስረው ቀጀላ ነውና። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ ወደድኩት። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ የእርስዎን ሰንጠረዥ የምጠብቅበት ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ ቀጀላ ጋ ራሴ ደወልኩ። በአካል አይቼው የማላውቀው ሰው ነው። ታሪኩን ሁሉ ነገርኩት፤ ወንድሙ እንዲህ ማሰቡን አያውቅም ነበር። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እህቴ፣ እኔ እኮ ይሄን ቲም ላይቭ ነው የማየው። እነሱን ዌይት ካደረግሽ አለቀልሽ።»

እኔም ምክሩን ተቀብያለሁ። በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቼ ሴንት ፖል ዋቁማ አፓርትመንት ድረስ ሄደው ለእኔ ይጠይቁታል። አቶ ባይሳ ይመራሉ፤ እናቴም ትከተላለች። አቶ ዱጋሳ፣ ሴት ሽማግሌ ስትልክ ታይቶ አይታወቅም ብለው ብዙ ተቆጡ፤ ተቆጥተው ሲጨርሱ በስንት ሰዓት ነው ብለው ጠየቁ። አባቴ ምንም አልሰማሁም ብለዋል፤ መኪናቸውን ግን ቤንዚን ሞልተዋል። በወንዱ ወገን ተቀምጦ መልስ የሚሰጠው ታላቅ ወንድሙ ቀጀላ ነው፤ በስልክ፣ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ። እንመካከራለን የሚል ቃል ከአፉ እንዳይወጣ አስጠንቅቄዋለሁ። ዋቁማ ይህን እያነበበ ከሆነ ቤቱን ያጽዳ።

ክቡርነትዎ ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ ስላስተማሩኝ ትዕግሥት፣ ስላስለመዱኝ ሽንፈትና ስላልነፈጉኝ ትክክለኛ መረጃ፣ ምስጋናዬንና አክብሮቴን ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። መዝገብዎ ይስፋ፣ እርሳስዎ አይዶልዱም፣ ላጲስዎ ግን ይጥፋ።

የማያልቅ አክብሮት ያላት፣ ሳትወድ በግድ ደጋፊያችሁ የሆነች፣

ዮሐና ቦጋለ

ግልባጭ፦
ለአቶ ዋቁማ፣ ኤርፖርት የታክሲ ተራ
ለአቶ ባይሳና ለአቶ ዱጋሳ፣ መኪናቸውን አቀራርበው እንዲያቆሙ
ለአባቴ፣ ከአየር ሁኔታው ጋር

ማስታወሻ፦ ሽማግሌዎቼ በሚሄዱበት ቅዳሜ ማታ፣ በእናንተ አቆጣጠር እሑድ፣ ከሜዳችሁ ውጪ እንደምትጫወቱ ከድረ ገጽዎ ተረድቻለሁ። እባካችሁ እንደ ልማዳችሁ ተሸነፉ። ብታሸንፉ ዋቁማ በእናንተ ምክንያት ያገባኝ ይመስለዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትቸገሩ የሠራችሁት ሥራ ስለሆነ ለአንድ ቀን አይከብዳችሁም።