ያልተከፈቱት የመሪ ሳጥኖች

ለአህመድዬ፣

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ የምነግርህ ጠፍቶ አይደለም፤ ደግ ደጉን ልጻፍለት ብዬ ስጠብቅ ነው። ከዚህ በላይ ብጠብቅ ግን ውስጤ ይመረዛል፤ ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፍልሃለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጅቡቲው ሰፈራችን ካርቲየ 4ም ያው ነው፣ ሙቀቱም ጫጫታውም። ልጃችን ሀያት ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ። ባሏ ከድር አሁንም ተሳቢውን እየነዳ ከዶራሌ ወደብ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ጋራዡን ወንድምህ ጀማል ይዞታል፤ በሩ ላይ የተጻፈው ግን ያንተ ስም ነው። ሹፌሮቹም የሚመጡት ያንን ስም አይተው ነው።

አራት ወር ከአሥር ቀን የባል ሐዘን ዒዳዬን ስቀመጥ ከጋራዥ አንድም ሥራ አልመጣልኝም። ጀማል ሐዘኔን አክብሮ ነው ብዬ ስመርቀው ከረምኩ። ታስታውሳለህ፣ የአንዱ መኪና መሪ ላሽቆ ባዶውን ሲዞር ሳጥኑን ትከፍትና በጠመዝማዛው ዘንግና በዳዶው መሀል የሚሽከረከሩትን ትንንሽ የብረት ኳሶች ታወጣለህ፤ በነሱ ፋንታ በፀጉር ያህል ወፈር ያሉ ትተካለህ። እኔ ደግሞ ከምሳ በኋላ አዲሶቹን ትሪ ላይ ዘርግቼ፣ በማይክሮሜትር እየለካሁ እኩያ እኩያውን እለይልህ ነበር። አንዷ ከጓደኞቿ ከወፈረች ሸክሙን ብቻዋን ተሸክማ ዘንጉን ትበላዋለች ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ስሳሳት፣ እንዲህ ምስር ብትለቅሚ ጥርሳችን ያልቅ ነበር እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ዒዳዬ ሲያልቅ ለጀማል ምሳ ቋጥሬ ጋራዥ ሄድኩ። አንድ ሹፌር መሪዬ ባዶውን ይዞራል ብሎ መጣ። ጀማል ሳጥኑን አልከፈተም፤ የሳጥኑን ዘይት እንኳ አላፈሰሰም። ከላይ ያለውን ማጥበቂያ ብሎን በቁልፍ ጥርቅም አድርጎ ተነሳ። ሹፌሩ ሻዩን እንኳ አልጨረሰም ነበር። እንደ ልማዳቸው ጋቢና ወጥቶ መሪውን በሁለት ጣቱ ግራ ቀኝ ነቅነቅ ሲያደርገው ፍንክች አላለም፤ ጀማልን መርቆት ሄደ። እንዲህ የጠበቀ መሪ ቀጥ ባለ መንገድ ያታልላል። መታጠፊያ ላይ ግን ይይዛል፣ ከተጠመዘዘም ቶሎ አይመለስም። ሰውየው ይህን የሚያውቀው የአርታን ቁልቁለት ሲወርድ ነው። ምሳውን ለጀማል መስጠት ቀፈፈኝና ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ እንኳ ያቅለሸልሸኝ ጀመር። ሆኖም ዝም አልኩ። የባሌ ወንድም ነው፣ ቤተሰብ አላበጣብጥ አልኩ፤ በዚህ ደግሞ ራሴን ተጸየፍኩት። ከሳምንታት በኋላ ከድር እየሳቀ ቤት መጣና ጋሽ ጀማል መሪዬን በአሥር ደቂቃ አበጀልኝ፣ ነገ ጭኜ እወጣለሁ አለኝ። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ነጠቅኩት።

ጋራዥ ሄጄ በሹፌሮቹ ፊት፣ ይሄ ሳጥን ተከፍቶ ካላየሁ መኪናው ከዚህ ንቅንቅ አይልም አልኩ። ጀማል መጀመሪያ ሳቀ፣ የሴት ነገር አደረገው። ሙጭጭ ስልበት ግን ፊቱ ተለዋወጠና፣ ምን ታካብጃለሽ፣ ይሄን ያስተማረኝ ማን ሆነና፣ ራሱ አህመድ ነው፣ ከረመዳን ወዲህ አንድም ሳጥን አልከፈተም አለኝ።

ውሸታም ልለው ነበር፤ ባዶው ትሪዬ ግን ትዝ አለኝ። ከረመዳን ጀምሮ እስክትወድቅ ድረስ አንድም ኳስ አላመጣህልኝም፣ አህመድዬ። ሥራ ቀዝቅዟል ነበር ያልከኝ። ስትመለስ ግን እስከ ክርንህ ዘይት በዘይት ነበርክ፤ ውሃ እያፈሰስኩ ያስታጠብኩህ እኔ ነኝ። ሥራ የፈታ ሰው እንዲህ አይቆሽሽም። ያን ጊዜም ሳይገባኝ የቀረ አይመስለኝም፤ መጠየቅ ፈርቼ ነው። ዓይንህ ደክሞ፣ ጣትህ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ኳስ መደርደር አቅቶህ ነበር። ብትነግረኝ አብሬህ ተቀምጬ እደረድርልህ ነበር። እኔን ሚስትህን አፈርከኝ፣ ሰው ግን ገደል አፋፍ ላይ ስታሰማራ አላፈርክም። አዝንልሃለሁ። እጆችህን ሳስብ ግን ያንገሸግሸኛል፤ ለአርባ ዓመት ባሌ እንዲህ ብዬ መጻፌ ራሱ ያስጠላኛል።

ጀማል እያጉረመረመ የከድርን ሳጥን ከፈተው። የዘንጉ ጥርስ ተግጦ የብረቱ ብናኝ ዘይቱ ላይ ያብለጨልጭ ነበር። እዚያው ጋራዥ ተቀምጬ ኳሶቹን ለየሁ። ከድር አንድ ቀን ዘግይቶ ወጣ፤ ከመንገድ ደውሎ መሪው ከመታጠፊያ ራሱ ይመለሳል አለኝ።

አሁን የቀረውን ልንገርህ። ቀብርህ ላይ ሸኹ አህመድን አውፍ በሉት ሲሉ፣ ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ አውፍ ብለናል ማለታቸውን ነግረውኛል። እኔም ቤት ሆኜ ብያለሁ። ማናችንም ምኑን ይቅር እንዳልን አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ከረመዳን ወዲህ ካንተ እጅ መኪና የወሰዱትን ጀማልን አንድ በአንድ አስቆጠርኩት፤ ሰባት ናቸው። በከድር በኩል ላኩባቸው፤ የራሱን ደንበኞች ጀማል ራሱ እንዲጠራ አስማልኩት። ጠዋት ጠዋት ጋራዥ እቀመጣለሁ፤ ሲመጡ፣ ባሌ ሳጥንህን ከፍቻለሁ ብሎ አታሎሃል እላቸዋለሁ። ይከፈታል፣ እለያለሁ፣ ይገጠማል። ከዚያ አውፍ በለው እላለሁ። አምስት መጥተዋል። አራቱ አውፍ አሉህ። አምስተኛው ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ በዚያ መሪ ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ነበር፤ መሪው ሲሠራለት አውፍ ሳይልህ ወጣ። አልለመንኩትም።

አልረሳህም፣ ቃሌ ነው። በየጁምዓው ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ለልጅ ልጅህም ደህናውን አህመድ እነግራታለሁ። ያን ቀን ቤት ሆኜ ያልኩትን አውፍታ ግን መልሼ ወስጄዋለሁ። የቀሩት ሁለቱ መኪኖች አሁንም መንገድ ላይ ናቸው። በሰላም መጥተው ሳጥናቸው ሲከፈት አውፍታዬን እሰጥሃለሁ።

ሚስትህ ዘሀራ