መሀለኛውን ወንበር ባዶ የተዉት አባታችን

አባታችን ኩዋንግ ደሺን ከአናጺው ኩዋንግ ማኦሊንና ከእናታቸው ከዦ ላንዪንግ እ.ኤ.አ. በ1941 በሁናን ክፍለ ሀገር፣ በሺጋንግ አውራጃ ተወለዱ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ባይማሩም የእጅ ጽሑፋቸው ያምር ስለነበር በ1962 በአውራጃው ፓርቲ የእንግዳ ማረፊያ ተቀጠሩ። ሥራቸው ውኃ ማፍላት፣ የስብሰባ ለት ደግሞ የሹሞቹን ስም ጽፈው ከነሻይ ሲኒያቸው መድረኩ ላይ በየማዕረጋቸው መደርደር ነበር። መሀል የሚቀመጠው አንደኛ ነው፤ በግራው ያለው ሁለተኛ። ሕዝቡ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደወረደ የሚያውቀው ከአባታችን ሲኒ አደራደር ነበር።

በ1977 የአውራጃው ዋና ጸሐፊ በድንገት አረፉ። ቦታውን ሁለቱ ምክትሎች፣ ጓድ ቺዩና ጓድ ፌንግ፣ ፈለጉት። ለትልቁ ስብሰባ የመቀመጫ ዝርዝር መላክ የነበረበት የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆዱን አመመውና ቤቱ ገባ፤ ማን መሀል እንደሚቀመጥ መወሰኑ አባታችን ላይ ወደቀ። አባታችን ቋሚ ሠራተኛ ሊሆኑ አንድ ወር ቀርቷቸዋል፤ እናታቸውም የሚጦሩት በዚያች ደመወዝ ነው።

ጓድ ቺዩ ውኃ ማፍያው ክፍል ድረስ መጥተው፦ «ኩዋንግ፣ ነገ መሀል ያለው ስም የማን እንደሆነ መቼም አይጠፋህም» አሏቸው።

እሳቸው ወጡ፣ ጓድ ፌንግ ገቡ። «ቺዩን መሀል አድርገውና አሳማ ስትቀልብ እንገናኛለን!»

አባታችን ለሁለቱም የመለሱት አንድ ነው፦ «እሺ ጓድ፣ ሻይ ልቅዳ?»

በማግስቱ ሰባት መቶ ሰው ፊት የስም ወረቀቶቹን እንደተደራረቡ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖሩና፦ «ጓዶች፣ የየራሳችሁን ስም አንሡና ይገባኛል የምትሉበት አስቀምጡ» አሉ። በሕዝብ ፊት ስሙን መሀል የሚያኖር ደፋር ከየት ይምጣ? ሁለቱ ምክትሎች ስማቸውን ይዘው ቆሙ። እነሱ ሳይቀመጡ ማን ይቀመጣል፤ አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ሹመቱን ሊያስታውቁ ከክፍለ ሀገሩ ፓርቲ የተላኩት ሰው ሳቃቸውን እያፈኑ ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ። ዋና ጸሐፊ ሆነው የተሾሙት ከሌላ አውራጃ የሚመጡ የሩዝ ባለሙያ ነበሩ። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀ፤ እንዲህ ያለ አጭር ስብሰባ ሺጋንግ አይቶ አያውቅም።

አባታችን ግን አሳማ እርባታ ከመላክ አልዳኑም። የእርባታው ኃላፊ ታን ቹንሃይ በር ላይ ተቀብለው፦ «እዚህ መሀል የሚተኛው ወፍራሙ ነው፤ የስም ወረቀት አያስፈልገውም» አሏቸው። እኚህ ሴት በ1978 እናታችን ሆኑ። እንግዲህ ቅጣት ከተባለ እንዲህ ያለውን ይስጠን! ሦስት ልጆች ወለዱ። አዲሱ ዋና ጸሐፊም ሲኒ በወጉ የሚደረድር ሰው አጥተው በ1980 መልሰው ጠሯቸው፤ ቋሚ አደረጓቸው፤ በ2001 በጡረታ ተሰናበቱ።

በሳንባ ሕመም ሁለት ክረምት ተሰቃይተው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 2019 በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ። የአበባ ጉንጉኑን በማዕረግ ደርድሩ ያላችሁን የጽሕፈት ቤት ሰዎች፣ አንደረድርም። «ቀድሞ የመጣ ፊት ይቀመጥ» ብለው የተናዘዙት እሳቸው ናቸው።

ትናንት ጓድ ቺዩና ጓድ ፌንግ ምርኩዛቸውን ይዘው ሊሰናበቷቸው መጡ። በራችን ላይ «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ» ሲባባሉ የቀዳንላቸው ሻይ ቀዘቀዘ። አባታችን ቢያዩ እንዴት በሳቁ!

አባታችን፣ በሄዱበት ማንም የማይሻማዎት፣ ጥላ ያለው መቀመጫ ይቆይዎት።